«አይላክላቸው» የሚለው ዝርዝር

ወንድሜ የአባታችንን ሞት የሰማው ኒው አልባኒ፣ በሚሠራበት መጋዘን ውስጥ፣ በካርቶን ቁልል መካከል ቆሞ ነው። ያረዳው ሰው የለም። አንድ የሩቅ ዘመድ ከአገር ቤት «ነፍስ ይማር፣ እግዚአብሔር ያጽናህ» ብሎ ስልኩ ላይ ጻፈለት፤ እሱም ማንን ነው የሚለው እያለ ወደ ላይ ቢገፋው የአባታችን ፎቶ መጣ። እዚያው ሲሚንቶው ላይ ቁጭ አለ። የፈረቃው አለቃ ሥራ ላይ የተጎዳ መስሎት ፎርም ይዞ መጣና የቱ ጋ እንደሚያመው ጠየቀው። ወንድሜ ደረቱን አሳየው። አምቡላንስ ሊጠሩ ሲሉ ተነሣና በገዛ መኪናው እየነዳ ወደምንኖርበት ወደ ዋይትሆል መጣ። እኔ ከሥራ ስመለስ የአፓርታማችን ደረጃ ላይ ከነጃኬቱ ተቀምጦ አገኘሁት።

ከዚያ ወዲህ ደጋግሞ የሚለኝ አንድ ነገር ነበር። የጎዳኝ የአባባ መሞት አይደለም፣ ሰው በሌለበት መስማቴ ነው ይለኛል። እኔ ታላቅ እኅቱ ነኝ፤ ማልቀስ ሲገባኝ የምቆጣ ሴት ነኝ። ያን ቀንም በዘመዳችን ተቆጣሁ፣ በመጋዘኑ ተቆጣሁ፣ ፎርሙን ባዘጋጀው ሰው ሁሉ ተቆጣሁ። ተቆጥቼ ሳበቃ ለራሴ ማልኩ። ይህ ልጅ ሁለተኛ እንዲህ ያለ ወሬ ብቻውን አይሰማም አልኩ። እናታችን ያኔ ደኅና ነበረች።

መሐላዬን የፈጸምኩት በማውቀው መንገድ ነው። ሥራዬ ዳውንታውን አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ቨርቹዋል ማሽኖችን ማስተዳደር ነው። ምን ማለት ነው ለሚለኝ ሰው፣ አንድ ትልቅ ቤት ውስጥ ብዙ ተከራይ ማኖር ነው እላለሁ። ብረቱ አንድ ነው፤ ውስጡ ያሉት ኮምፒውተሮች ግን እያንዳንዳቸው ለብቻቸው የሚኖሩ ይመስላቸዋል። እድራችን ዋይትሆል ውስጥ የተከራያት አንዲት ክፍል አለች፤ እዚያ ከጠረጴዛ ሥር አንድ አሮጌ ሰርቨር አስቀምጬ የእድሩን ነገር ሁሉ በዚያው ዓይነት አደራጀሁት።

መርዶ እዚህ አገር አስቸጋሪ ነው። አንዱ በሌሊት ፈረቃ፣ አንዱ በቀን፣ አንዱ ታክሲ ላይ ነው። ሰው ጎህ ሳይቀድ ሐዘንተኛው ቤት እንዲሰበሰብ ለሁለት መቶ ዐሥራ አራት አባወራ በአንድ ቀን መንገር አለብህ። ድሮ በስልክ ቅብብል ነበር፤ ታዲያ በየሞቱ አንድ ቸኩሎ ሐዘንተኛው ጋ ደውሎ የሚያጽናና አይጠፋም። ስለዚህ መልእክቱን ለሁሉም በአንዴ የሚያደርስ ነገር ሠራሁ። እላዩም ላይ አንድ ዝርዝር ጨመርኩ፣ ስሙንም «አይላክላቸው» አልኩት። የሐዘንተኛው ቁጥር እዚያ ይገባል፤ መልእክቱ እሱን ዘሎ ለሌላው ሁሉ ይሄዳል። በማግስቱ ከጠዋቱ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ሽማግሌዎች ቤቱን ያንኳኳሉ። ሰው የሚሰማው ሰው መሐል ሆኖ ነው። በሕይወቴ ከሠራሁት ሥራ ሁሉ የምኮራው በዚህ ነበር።

አሁን ስለ ዲስኩ ልንገራችሁ፤ ካለ እሱ የሆነው ነገር አይገባም። ሰርቨሩ ላይ ያሉት ማሽኖች ሁለት ነበሩ፤ አንደኛው የኔ የመልእክት ማሽን፣ ሌላው የጋሼ። ጋሼ የእድሩ ሊቀመንበር ናቸው። ከኤርፖርት ታክሲ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ሥራቸው የአባላቱን የድሮ የሠርግ ካሴት ወደ ኮምፒውተር መገልበጥ ነው። ሁለቱ ማሽኖች የሚጽፉትም የሚያነቡትም አንድ ዲስክ ላይ ነው። ሰፈር ውስጥ ያለች አንዲት ቦኖ ማለት ናት። አንዱ በርሜል ይዞ መጥቶ ቧንቧው ሥር ከደቀነ፣ ጀሪካን የያዘችው ከኋላ ቆማ ትጠብቃለች። መፍትሔው ልክ ማበጀት ነው፤ አንተ በሰከንድ ይህን ያህል፣ አንቺ ይህን ያህል ይባላል። መሥሪያ ቤቴ ውስጥ በየቀኑ የማደርገው ነው፤ ማንንም ሳላማክር፣ ዓይኔን ሳላሽ።

ነገሩ በሆነበት ሳምንት እሑድ ጋሼ ደወሉልኝ። የአንድ ሠርግ ቪዲዮ ለልጆቹ ሊያሳዩ ቃል ገብተው፣ ሙሽራዋ ከመኪና ስትወርድ ግማሽ እግሯ ላይ እየቆመባቸው ነው። ሳየው በርሜል ደቅነው ራሳቸው ናቸው ዲስኩን የያዙት፤ በአንዴ ዐሥራ አንድ ካሴት ይገለብጣሉ። ሥርዓቱ ቢሆን የሳቸውን ማሽን መገደብ ነው። ግን እንዴት ብዬ? አባቴ ሲሞት ቀድመው የደረሱልኝ፣ ሦስት ቀን ፍራሽ ላይ አብረውኝ የተቀመጡ ሰው ናቸው። ጋሼ፣ ሊሚት አድርጌብዎታለሁ ልበል? ይሉኝታ ያዘኝ። ቤቴ እንግዳ ቢመጣ የምቀንሰው ከራሴ ሳህን ነው፣ እዚህም ያንኑ አደረግሁ። ለራሴ የመልእክት ማሽን ተይዞ የነበረውን ድርሻ ገደብኩና ለሳቸው ለቀቅኩላቸው። ጥቂት ፊደል የሚጽፍ ማሽን ለምን ፍጥነት ያስፈልገዋል አልኩ። ማንም ካልሞተ ሥራ የለውም። ጋሼ መልሰው ደውለው ሙሽራዋ ደኅና መውረዷን ነገሩኝ፣ መረቁኝም።

ሌላ አገር ሰው ይህን ስሕተት አይሠራም። መሥሪያ ቤት አብሮኝ የሚሠራ ሰው ቢያየኝ፣ የሞት መልእክት የሚያደርሰውን ማሽን አንቀሽ ለሠርግ ቪዲዮ ለቀቅሽ ወይ ብሎ ይስቅብኝ ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ግን ሳልቸኩል፣ አስቤበት ነው ያፈሰስኩት።

እናታችን በዚያ ሰሞን ታማ ነበር። የኩላሊት ነገር ሲሆን ሲሻላት ሲያማት ዓመት አልፎታል። ያንኑ እሑድ አነጋግሬያታለሁ፤ ድምፅዋ ደክሟል ግን ወንድሜ ለምን እንደማያገባ ለመጠየቅ ጉልበት አላጣችም። ረቡዕ ብደውል አልተነሣም። ሐሙስ አክስቴ አነሣችና ኔትወርኩ ነው፣ ደኅና ናት፣ ተኝታለች አለችኝ። አመንኳት። ለአንድ ዓመት «ተኝታለች» ሲባል እውነትም ተኝታ ነው የኖረችው።

ዓርብ ምሳ ሰዓት ላይ እትዬ ደወሉ። እትዬ የእድሩ ጸሐፊ ናቸው፤ በአንድ ጣት ነው የሚጽፉት፣ ግን አንድም ቀን ፊደል ሳይስቱ። ሲደውሉልኝ ሰላምታ ሳያበዙ ወደ ጉዳያቸው የሚገቡ ሰው ናቸው። ያን ቀን ድምፃቸው ለስልሶብኛል።

«የኔ ልጅ፣ ምሳ በላሽ?» አሉኝ።

ገና ነኝ አልኳቸው። መጀመሪያ ብዪ አሉኝ። እሺ፣ ምን ልታዘዝ ስላቸው፣ እንግዲያው ከበላሽ በኋላ ይሁን አሉ። አይ፣ አሁኑኑ ይንገሩኝ አልኩ።

«ሲስተሙ ስሎው ሆነብኝ» አሉ። «አንቺ ግን ውስጡን አትክፈቺ። ከላይ ከላዩ ብቻ ፊክስ አድርጊልኝ።»

ንዴቴ መጣ። ሐኪምን ሳታይ አክሚኝ እንደ ማለት ነው። የማልከፍተው ምን አለ ብዬ ሳልጨርስ፣ «በይ በይ ይቅር፣ ራሱ ይሄዳል፤ ብቻ ብዪ» ብለው ዘጉ። ሁለት ጊዜ ነክተውት ይሆናል አልኩ በልቤ። ገደቡ ትዝ አለኝ፣ የእሑዱ። ኮምፒውተሬን ወደ እኔ አዞርኩና ገባሁ።

የመጀመሪያው ገጽ ላይ ቁጥሩ ተቀምጧል። መቶ ሠላሳ አንድ ተልኳል፣ ሰማንያ ሦስት ይቀራል። እያንዳንዱ መልእክት ከመውጣቱ በፊት ዲስኩ ላይ ስንት ቦታ ስለሚጻፍ፣ በኔ ገደብ ምክንያት አንዱ ለመሄድ ሃያ ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። እንደ ወትሮው ቢሆን ሁለት መቶ ዐሥራ አራቱም፣ ሰው ውሃ እስኪጠጣ ድረስ፣ ያልቁ ነበር። ሰው ሞቷል ማለት ነው። ማን ይሆን ብዬ አዘንኩ፤ እውነቴን ነው፣ ለማላውቀው ሰው ከልቤ አዘንኩ። ከዚያ የኔ የአባልነት ቁጥር ዘጠኝ መሆኑ ትዝ አለኝ። መልእክቱ የሚሄደው በቁጥር ቅደም ተከተል ነው። መቶ ሠላሳ አንድ ሰው ሲያውቅ ዘጠነኛዋ ለምን አላወቀችም?

አሁንም የመጣብኝ ንዴት ነው። ሲስተሜ ሰው ዘለለ፣ ተበላሸ አልኩ። ስልኬን አየሁ፣ ምንም የለም። ችግሩን ፍለጋ «አይላክላቸው» የሚለውን ዝርዝር ከፈትኩ። አንድ ቁጥር ብቻ አለበት። አየሁትና አላወቅሁትም። የራሱን ቁጥር የሚደውል ሰው የለምና ሰው የራሱን ቁጥር በመልክ አያውቀውም። የማን ነው ብዬ ስልኬ ላይ አንድ በአንድ ጻፍኩት። የመጨረሻውን አሐዝ ስነካ የራሴ ስም መጣ።

ክው አልኩ። እጆቼ ጠረጴዛው ላይ እንደሌላ ሰው እጅ ተቀምጠው ይታዩኛል። መልእክቱን ሳልከፍተው ዐውቄዋለሁ፤ ያም ሆኖ ከፈትኩት። የእትዬ አጻጻፍ ነው፣ አንድ ፊደል አልተሳተም። ስሜ ተጽፏል፣ እናቷ አገር ቤት ዐርፈዋል ይላል። መርዶው ነገ ቅዳሜ ከጠዋቱ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ቤቷ ይነገራል፣ እስከዚያ ማንም እንዳይደውል፣ ማንም እንዳይጽፍ ይላል። ሦስት መስመር ነው።

ሰው ብቻውን እንዳይሰማ ብዬ በሠራሁት ነገር ብቻዬን ሰማሁ። የሠራችው ሴትዮም እናት እንዳላት ማንም አላሰበም፤ እኔም ጭምር።

ዓይኔ ቁጥሩ ላይ ነው። መቶ ሠላሳ ስድስት አለ። መቶ ሠላሳ ሰባት። በዚያ ድንጋጤ ውስጥ ሌላ ድንጋጤ መጣብኝ፤ ዝርዝሩ ላይ ያለው ቁጥር አንድ ብቻ ነው። ወንድሜስ? ወንድሜ እስካለፈው ዓመት ድረስ በኔ ሥር ነበር የሚቆጠረው፤ ራሱን ችሎ አባል ሲሆን ቁጥሩ መቶ ሰማንያ ስምንት ሆነ። እትዬ ያንን ረስተው፣ እሷን ከከለከልኩ እሱም ተከለከለ ብለዋል አልኩ። ልጁ በዚያች ሰዓት ኒው አልባኒ ነው፣ እዚያው መጋዘን፣ እዚያው ካርቶን መሐል። ስልኩ ኪሱ ውስጥ ነው። መልእክቱ እየተንቀራፈፈ ወደሱ እየሄደ ነው።

ደውዬ ስልክህን አትይ ልበለው? እንዲህ የተባለ ሰው ወዲያው ያያል። ማሽኑን ባጠፋው እትዬ ማየቴን ያውቃሉ፤ ከመቶ ሠላሳ በኋላ ያለውም ሰው ሳይሰማ ቀርቶ ነገ ቤታችን ግማሽ ባዶ ይሆናል። እጄ የሚያውቀውን አደረገ። ገደቡን አጠበቅሁት፣ መልእክቶቹ ቆሙ ማለት እስኪቻል ድረስ። ከዚያ የወንድሜን ቁጥር ዝርዝሩ ላይ ጻፍኩና አስቀምጥ የሚለውን ነካሁ።

አላስቀመጠም። ክቧ ምልክት ትዞራለች፣ ትዞራለች። ሃያ ዓመት ልደፍንበት የተቃረብኩትን ሥራ ያን ቀን እንዳዲስ ተማርኩት። ቁጥሩን ማስቀመጥም ዲስኩ ላይ መጻፍ ነው። መልእክቱን ያነቅሁበት እጅ የወንድሜንም መዳኛ አንቆታል። ብለቀው ሁለቱም ይሮጣሉ፣ ማን እንደሚቀድም አላውቅም፤ ባጠብቀው ሁለቱም ይቆማሉ። ቦኖው አንድ ነው።

ገደቡን ወደ እሑዱ መለስኩት፣ ወደ ይሉኝታዬ ልክ። መልእክቱ በሃያ ሰከንድ አንድ መሄዱን ቀጠለ፣ የኔም ጽሑፍ ሰልፉ ውስጥ ገብቶ ተራውን ያዘ። እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። መቶ ስድሳ። መቶ ስድሳ አንድ። ከጎኔ ያለው ሰው ሳንድዊቹን እየፈታ ቅዳሜና እሑድን እንዴት እንደማሳልፍ ጠየቀኝ። ቤት እንግዳ ይመጣል አልኩት። ብዙ ነው ወይ አለኝ። ብዙ ነው አልኩት።

መቶ ሰባ አምስት ላይ እናቴን ረሳኋት። ይህን የምጽፈው አፍሬ ነው፤ ግን እውነት ነው። በዚያች ደቂቃ በዓለም ላይ የነበረው መቶ ሰማንያ ስምንት የሚባል ቁጥር ብቻ ነው። መቶ ሰማንያ አራት ሲል ክቧ መዞር አቆመችና «ተቀምጧል» አለች። አላመንኳትም። መቶ ሰማንያ አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት። ከዚያ ቀጥታ መቶ ሰማንያ ዘጠኝ አለ።

ገደቡን ሙሉ በሙሉ አነሣሁት። የቀሩት መልእክቶች ዓይኔን ሳላርገበግብ ወጡ። የእናቴን ሞት ለሰው ሁሉ የለቀቅሁት እኔ ነኝ፣ በገዛ እጄ፣ የቢሮ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ። እንባ ግን ጠብ አላለም። እትዬ ሁለት ቃል ብቻ ጻፉልኝ፣ «ተስተካክሏል፤ በላሽ?» የሚል። በልቻለሁ ብዬ ዋሸሁ። እስከ መውጫ ሰዓት ድረስ የሰዎችን ዲስክ ሳስተካክል ዋልኩ፤ የሠራሁት አንዱም ስሕተት እንዳልነበረው በኋላ አይቻለሁ።

ቤት ስደርስ ወንድሜ ቀድሞኝ ገብቷል። ምግብ ሠርቷል። ወንድሜ ምግብ ሲሠራ ያየሁት ሁለት ጊዜ ሲሆን አንዱን የእሳት ማንቂያው ጮኾ ጎረቤት ወጥቷል። ያን ቀን ግን ማካሮኒ በአትክልት ሠርቶ፣ ሰላጣ ከትፎ፣ ሳህኖቹን አቅርቦ ጠበቀኝ። እፎይ አልኩ፤ የሰማ ሰው ማካሮኒ አይቀቅልም ብዬ። ነገ ከጠዋት ጀምሮ እህል እንደማይቀምስ ስላወቅሁ እንዲበላ ፈለግሁ። እሱ እንዲበላ ደግሞ እኔ መብላት አለብኝ። በላሁ። እሱም ብዪ ይለኛል፣ እኔም ብላ እለዋለሁ። ሳህኔ ጎደል ባለ ቁጥር ይጨምርልኛል። ምን ሆነህ ነው ዛሬ አልኩት እንደምንም ፈገግ ብዬ። ራበኝ አለ።

ስልኩን አንድ ነገር ላስተካክልልህ ብዬ ጠየቅሁት፤ ማንም ሳይጠነቀቅ እንዳይጽፍለት ሌሊቱን እኔ ጋ ይደር ብዬ። ያለወትሮው ለምን ሳይል ሰጠኝ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ የኔን ስልክ ቻርጅ ላድርግልሽ ብሎ አጥፍቶ ወሰደው። ዕድሌ ነው አልኩ፣ ምንም አልጠረጠርኩም። እንዲህ ያለች ብልጥ ነኝ እኔ። በየክፍላችን ገባን።

ጠዋት በሩ ሲንኳኳ ልብሴን ለብሼ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ነበር። ቶሎ ደርሼ ወንድሜን ልይዘው ብዬ ብወጣ፣ እሱ ጥቁር ሸሚዝ ለብሶ፣ ጫማውን አስሮ በሩን ከፍቷል። ጋሼ ገቡ፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው። እትዬ ተከተሉ፣ ከኋላቸው ደረጃው እስከታች በሰው ተሞልቷል። ፓርኪንጉ ላይ የመኪና በር ቀስ ብሎ ሲዘጋ ይሰማል።

እትዬ ከቀኜ ተቀመጡ፣ ሌላ ሴት ከግራዬ። ሁለቱም ክንዴን ያዙኝ። ወንድሜ ብቻውን ግድግዳው ጋ ቆሟል፤ አንድም ሰው አጠገቡ የለም። ደሜ ፈላ። ይህን ሁሉ ሰው የጠራሁት እሱን እንዲይዘው ነው፣ ሁሉም እኔን ይዞ እሱን ረስቶታል። ጋሼ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ አንድ ደቂቃ እንደቀረች ዐውቄ ክንዴን አስለቅቄ ተነሣሁ፣ ሄጄም ያዝኩት። ያዝኩት ስል እሱ ነው የያዘኝ። በሁለት እጁ ትከሻዬን ይዞ መልሶ አስቀመጠኝና አጠገቤ ተንበረከከ።

«አንቺ ተቀመጪ» አለኝ። «እኔ ሰምቻለሁ።»

ጋሼ ያኔ ተናገሩት። የተናገሩትን አልሰማሁም። ቤቱ በለቅሶ ተሞላ፤ እኔ የወንድሜን ፊት እያየሁ ደርቄ ቀረሁ። ከትናንቱ የባሰ ነው የደነገጥኩት። መቼ ሰማህ አልኩት፣ ከንፈሬ ብቻ ይመስለኛል የተንቀሳቀሰው።

ሐሙስ ማታ ነው አለኝ። አክስታችን የወንድ ልጅ ነገር ብላ ለሱ ነግራዋለች፣ እሱም ብቻውን ጋሼ ቤት ሄዶ እዚያ ሰው መሐል አልቅሶ፣ ዓይኑን ታጥቦ ተመልሷል። ለእትዬ የኔን ቁጥር የሰጣቸው እሱ ነው፤ የራሴን ቁጥር ተዉት፣ እኔ ሰምቻለሁ ብሎ። ዓርብ ሥራ የገባው ቢቀር እንዳልጠረጥር ነው። እትዬ ምንም አልረሱም። መቶ ሰማንያ ስምንትን የሚጠብቀው ምንም ክፉ ነገር አልነበረም።

«መልእክቱ እኔ ጋ አልመጣም» አለኝ በጆሮዬ። «በብሬክ ሰዓት መኪና ውስጥ ሆኜ ጠበቅሁት። የፈረቃ ጓደኞቼ ሁሉ ደረሳቸው፣ እኔን ዘለለኝ። የኔን ቁጥር እዚያ የሚያስገባ ካንቺ ሌላ ማን አለ? ያኔ እንዳየሽው ዐወቅሁ።»

ይኸው ነው ማካሮኒው። ማወቄን ዐውቆ ነው ከፈረቃው ፈቃድ ጠይቆ ቀድሞኝ ቤት የገባው፣ ሽንኩርት የከተፈው፣ ሳህኔን ሲሞላ ያመሸው። ለሱ ብዬ ስዋሽ፣ ውሸቴን ዐውቆ አብሮኝ በላ። ለምን አልነገርከኝም አልኩት። ጮኼ ነበር መሰለኝ፣ ሰዉ ዞር አለ።

«ሰው እስኪመጣ ብዬ ነዋ» አለ። «ሰው በሌለበት እንዳታለቅሺ።»

ያኔ ነው ያለቀስኩት። እትዬ ወገቤን አቅፈው፣ ጋሼ አናቴ ላይ እጃቸውን ጭነው፣ ደረጃው ላይ ያለው ሰው ሁሉ እየሰማኝ፣ ምንም ሳልገድብ አለቀስኩ። ወንድሜ እጄን አልለቀቀም።